ተለማማጅ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በዩኒቨርሲቲ የምክር አገልግሎት ማዕከል እንዴት ይሠለጥናሉ?

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” የሚለው አባባል ለአካል ሕመም ብቻ የተነገረ አይደለም። ከቤተሰቡ ርቆ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት በጭንቀት፣ በድባቴ ወይም በኀዘን ሲዋጥ ችግሩን የሚያዋየው የታመነ ሰው ያስፈልገዋል። በአሜሪካ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚሁ የተቋቋመ የምክር አገልግሎት ማዕከል አላቸው። ይሁን እንጂ በብዙዎቹ ማዕከላት ተማሪውን ተቀብሎ የሚያነጋግረው ሰው ሥልጠናውን ገና ያላጠናቀቀ ተለማማጅ ሊሆን ይችላል። በመማር ላይ ላለ ሰው የሌላውን ሕይወት በአደራ መስጠት እንዴት ይቻላል? መልሱ የሚገኘው ሥልጠናው በሚመራበት ሥርዓት ውስጥ ነው።

የሥልጠናው አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በ1896 ላይትነር ዊትመር በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና ክሊኒክ ከፈቱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአእምሮ ጤና ድጋፍ የሚሹ ተመላሽ ወታደሮች በመብዛታቸው የሠለጠነ ባለሙያ ፍላጎት ናረ። እ.ኤ.አ. በ1949 በኮሎራዶ ግዛት ቦልደር ከተማ የተካሄደው ጉባኤም የክሊኒካል ሥነ ልቦና ባለሙያ በምርምርም በሕክምናም እኩል መሠልጠን እንዳለበት ወሰነ። ከመመረቅ በፊት በባለሙያ ክትትል ሥር የሚደረግ የተግባር ልምምድ የሥልጠናው ዋና አካል የሆነውም በዚህ መንገድ ነው።

ተለማማጁ ማን ነው?

ተለማማጁ በክሊኒካል ወይም በምክር ሥነ ልቦና የዶክትሬት ትምህርቱን ወደ ማጠናቀቁ የደረሰ ተማሪ ነው። ወደዚህ ደረጃ ከመድረሱ በፊት ለዓመታት በክፍል ውስጥ ተምሯል፤ አነስተኛ የተግባር ልምምዶችንም አልፏል። ቦታ የሚያገኘው በአገር አቀፍ የምደባ ሥርዓት ነው። አመልካቾች የሚፈልጓቸውን ማዕከላት፣ ማዕከላቱም የሚፈልጓቸውን አመልካቾች በቅደም ተከተል ያስመዘግባሉ፤ ኮምፒውተርም ያዛምዳቸዋል። ልምምዱ ብዙውን ጊዜ አንድ ሙሉ ዓመት ወይም 2,000 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

በዚህ ጊዜ ተለማማጁ አዲስ መጪዎችን ይመዝናል፣ ተማሪዎችን በግልና በቡድን ያማክራል፣ አስቸኳይ ችግር የገጠማቸውን ይቀበላል። ወደ ተማሪዎች መኖሪያ እየሄደም ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ፈተና ጭንቀትና ስለ ሱስ ትምህርት ይሰጣል። ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያስብ ተማሪ ሲያጋጥመው ሐሳቡን በግልጽ መጠየቅን፣ የአደጋውን መጠን መመዘንን እና ከተማሪው ጋር የደኅንነት ዕቅድ ማዘጋጀትን ይማራል።

ክትትሉ

ወይፈን እርሻ የሚለምደው ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው። ተለማማጁም ብቻውን አይለቀቅም። በአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ዕውቅና ባላቸው ማዕከላት የሙሉ ጊዜ ተለማማጅ በየሳምንቱ ቢያንስ የ4 ሰዓት ክትትል ያገኛል። ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 2 ሰዓቱ ፈቃድ ካለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ለብቻ የሚደረግ ውይይት ነው።

ውይይቱ ተለማማጁ በሚያቀርበው ሪፖርት ላይ ብቻ አይመሠረትም። ሰው የራሱን ስህተት ላያይ ይችላልና ተቆጣጣሪው በአካል ተገኝቶ ወይም የተቀረጸ ምስልና ድምፅ ተመልክቶ ሥራውን በቀጥታ እንዲመዝን ይጠበቃል። ተለማማጁ የት ላይ እንደቸኮለ፣ የትኛውን ቃል ሳያስተውል እንዳለፈ፣ የራሱ ስሜት የት ላይ እንደገባ አብረው ይመረምራሉ። ለተማሪው ለሚሰጠው አገልግሎት ሙያዊ ኃላፊነቱን የሚሸከመው ተቆጣጣሪው ነው። በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ምዘና ይካሄዳል፤ ብቃቱ ያልተሟላ ተለማማጅም የማሻሻያ ዕቅድ ይወጣለታል።

ምሥጢርና ወሰኑ

ተለማማጁ ከሚማራቸው ከባድ ጉዳዮች አንዱ ምሥጢር መጠበቅ ነው። ምሥጢር ካልተጠበቀ የሚናገር ሰው አይኖርም፤ ሆኖም ምሥጢርም ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ አንድ ተማሪ አንዲትን ወጣት ለመግደል እንደሚያስብ ለሚያማክረው ባለሙያ ተናገረ። ባለሙያው ለግቢው ፖሊስ አሳወቀ፤ ፖሊስም ተማሪውን ይዞ ለቀቀው። ለወጣቷ ግን የነገራት አልነበረም፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተገደለች። “የታራሶፍ ጉዳይ” ተብሎ በሚታወቀው በዚህ ክስ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 ባለሙያው አደጋ የተደቀነበትን ሰው የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። ውሳኔው ዛሬም በሥልጠናው ውስጥ ይጠናል።

በኢትዮጵያ ተመሳሳይ መርሕ

ከታካሚው አጠገብ፣ በአሠልጣኝ ዓይን ሥር የመማር መርሕ በኢትዮጵያም በሥነ አእምሮ ሕክምና ሥልጠና ታይቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስፔሻሊስት ሥልጠናውን እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀምር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተመላለሱ ከክፍል ትምህርት በተጨማሪ የሠልጣኞችን የሕክምና ሥራ ይከታተሉ ነበር። አማኑኤል ሆስፒታልም ዋነኛ የልምምድ ቦታ ሆኖ አገልግሏል።

ተገልጋዩ ምን መጠየቅ ይችላል?

ሥርዓቱ ተገልጋዩንም ባለመብት ያደርገዋል። ተለማማጁ ሠልጣኝ መሆኑን መደበቅ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ወደ ምክር አገልግሎት የሚሄድ ወጣት፣ ልጁን የሚልክ ወላጅም፣ አራት ነገሮችን መጠየቅ ተገቢ ነው፦ የሚያነጋግረው ሰው ሠልጣኝ ነው ወይስ ፈቃድ ያለው ባለሙያ? ሥራውን የሚቆጣጠረው ማን ነው? ውይይቱ ይቀረጻል ወይ? ምሥጢሩ ለሌላ የሚነገረውስ በምን ሁኔታ ነው? ቀረጻ የሚደረገው በተገልጋዩ ፈቃድ ነው። በአግባቡ የሠለጠነ ተለማማጅ እነዚህን ጥያቄዎች ሳይጠየቅ አስቀድሞ ይመልሳል።