ፈቃድ የማይጠየቅበት ወንዝ፦ የርብ ተፋሰስና የአካባቢ ሕጋችን

ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በሀገራችን የሚጻፈው በአብዛኛው መለሰ ዳምጤና መስፍን ባዩ በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የቀየሰውን መንገድ ይከተላል፤ ችግሩን በሕጉ ክፍተትና በአፈጻጸሙ ድክመት ይፈልጋል። ባለሥራው ያለ ግምገማ ጀመረ፣ መሥሪያ ቤቱ አልተከታተለም፣ ቅጣቱ አላስፈራም። ይህ የሚያስኬድባቸው ቦታዎች አሉ። ለደቡብ ጎንደር ወንዞች ግን ምርመራው ከተሳሳተ ጫፍ ይነሣል እላለሁ። ከጉና ተነሥቶ ጣና የሚገባውን ርብን ከለወጡት ሥራዎች ቢያንስ ሁለቱ ሕጉ ራሱ በር የከፈተላቸው ናቸው።

በግድቡ ላይ ክርክር የለኝም። 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የታቀደው የርብ ግድብ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጉዳይ ነው። አንቀጽ 12 ክትትልን ያዝዛል፤ አንቀጽ 18 ያለ ፈቃድ የጀመረን ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይቀጣል።

ችላ የተባለው ምንጭ ሕግ ዐዋቂዎቻችን የማይገልጡት የወንዝ ምሕንድስና ጽሑፍ ነው። ቻላቸው አበበ ሙላቱና ባልደረቦቹ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ርብ ከግድቡ በፊት የነበረበትን ለውጥ መርምረዋል። የሰው እጅ ያረፈባቸው ብለው የጠቀሷቸው የጎርፍ መከላከያ የአፈር ካብ፣ አሸዋ ማውጣት፣ ውኃ መሳብ እና ለኃይል ማመንጫ ሲባል የጣናን ከፍታ መቆጣጠር ናቸው። ይህን ዝርዝር ከአዋጆቹ ጎን አስቀምጦ ማንበብ ያስደነግጣል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በአንቀጽ 11 የውኃ ሥራን ለሚገነባ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአንቀጽ 12 ግን ባህላዊ መስኖንና ባህላዊ ማዕድን ማምረትን ነጻ ያደርጋል። የማዕድን አዋጅ ቁጥር 678/2002 ደግሞ የባህላዊ ማዕድን ፈቃድ ጠያቂን ከተጽዕኖ ግምገማ ያወጣዋል። ስለዚህ በአካፋ አሸዋ የሚያወጣው ወጣት ሁለቱንም በር በሕግ ያልፋል። በፎገራ ሜዳ ሽንኩርት የሚያጠጣ የናፍጣ ሞተርስ ባህላዊ መስኖ ነውን? አንድ ሞተር ኢምንት ነው፤ በበጋ በወንዙ ዳር የተደረደሩት ሁሉ ግን ወራጁን ያጎድላሉ። ካቡንም የውኃ ሥራ ብሎ ፈቃድ የሚጠይቅለት ገበሬ አይኖርም። ይሁንና ካብ ደለሉን ሜዳው ላይ ከመበተን ይልቅ በወንዙ አልጋ ያስቀራል፤ አልጋው ከፍ ሲል ጎርፉ ካብ ወዳልሠራው ጎረቤት ይዞራል።

ነጻ ማድረጊያው ለድኻው የቆመ ነው የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ከቤቱ ያፈናቀለው የፎገራና የሊቦ ከምከም ገበሬም ድኻ ነው። ዋናው ጥፋት የጉና ተዳፋት መሸርሸር ነው የሚሉም አሉ። ደለሉ ከየት መጣ ለሚለው መልስ ነው፤ ወንዙ ውስጥ ለምን ቀረ ለሚለው ግን አይደለም።

በርግጥ የጠቀስኩት ጥናት ከግድቡ በፊት ያለውን ዘመን ስለሚመለከት ድምዳሜዬ ለዛሬው ርብ በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። የሚፈለገው ማሻሻያ ግን ግድቡን አይጠብቅም። ፈቃዱ ለግለሰብ አምራች መሰጠቱ ቀርቶ በወንዝ ክፍል ይሁን፤ በዚያ ክፍል የሚወጣው አሸዋ፣ የሚሳበው ውኃና የሚሠራው ካብ በአንድነት ይገመት፤ ፈቃዱንም የአምራቾቹና የመስኖ ተጠቃሚዎቹ ማኅበር ይያዘው። የግምገማ አዋጁ የአንቀጽ 12 ክትትልም ከግድብ ባለቤት አልፎ እነዚህን ማኅበራት ይድረስ።