ባና በእጅ፣ ባና በቃል

መንዝ ጥጥ አያበቅልም። የጓሳው ገመገም ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ባለው ሜዳ ላይም ውርጩ ገብሱን እንኳ የሚመታበት ዓመት አለ። ሰውን ከዚህ ብርድ ያዳነው እዚያው ብርድ ላይ የሚበቅል ነገር ነው፤ የመንዝ በግ ጠጉር። ይሸለታል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ይሸመናል፤ ከዚያ ሌሊት የሚለበስ ባና ይሆናል፣ በርኖስ ይሆናል። ቀኝ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብላ የምትታየው ጉጥ ያለችበት ጥቁር በርኖስ የሸዋ ባላባት የክብር ልብስ ነበረች።

ይህ ሁሉ ያለ ማስታወቂያ ተሸጠ ማለት ግን ስሕተት ነው። አማርኛ ዕቃን በአገሩ ይጠራል፦ የሐረር ቡና፣ የአድአ ጤፍ፣ የጎጃም ማር፣ የመንዝ ባና። ያቺ «የ» የምትባል አንዲት ፊደል ለሻጩ ምስክር ሆና ትቆምለት ነበር። ይሁን እንጂ የአገር ስም ገዢውን ወደ ባናው ያመጣዋል እንጂ ብሩን ከመቀነቱ አያስፈታውም። ያን የሚያደርገው የገዢው የራሱ እጅ ነው። መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ገበያ የወጣ ሰው ባናውን በጣቶቹ መሐል አሽቶ ውፍረቱን ያያል፤ ወደ ፀሐይ ዘርግቶ ብርሃን የሚያሾልክ መሆኑን ይመለከታል፤ አንሥቶ ክብደቱን ይገምታል፤ አሽትቶ የጠጉሩን ቅባት ያውቃል፤ በመጨረሻ በራሱ ክንድ ይለካል። ሻጩ ብዙ መናገር አያስፈልገውም ነበር። ዛሬ በቴሌግራም ባና የሚሸጥ ሰው ስሙን እንደያዘ ነው፤ ያ እጅ ግን አብሮት የለም። የማስታወቂያ ቃል ሊሠራ የሚገባው የዚያን እጅ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቃሉም ራሱ ይህንኑ ይላል። «ማስታወቂያ» ከማሳወቅ ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ከማሞገስ ጋር አይዛመድም። አዋጅ ነጋሪው ነጋሪት አስጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲል የሚታወቅ ነገር ይዞ ነበር የሚቆመው። አሁን የለመድነውን ጽሑፍ እንየው፦ «ኦሪጅናል የመንዝ ባና፣ ጥራቱን የጠበቀ፣ ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን።» ከዚህ ውስጥ ገዢው ምን ዐወቀ? የጠጉሩ ክር ከሌላ ክር ጋር መደባለቁን፣ ጥቁረቱ የበጉ ይሁን የቀለም፣ ርዝመቱን፣ ክብደቱን፣ እንዴት እንደሚታጠብ አላወቀም። ይህን ለመንገር ከሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር በላይ አያስፈልግም፤ ክንድም ከሰው ሰው ስለሚለያይ ልኩ በሜትር ይጻፍ።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። አማርኛ ሰምና ወርቅ የሚወድ ቋንቋ ነው፤ ደረቅ መረጃ ልብ አይነካም ይባላል። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብሎ ያሳተመው መጽሐፍ በመንዝ ኖሮ ያጠናውን የያዘ በመሆኑ ተቃውሞው ከዚሁ አገር ማስረጃ ያገኛል። ነገር ግን ሌቪን ድርብ ትርጉም ያለው ንግግር በባህላዊው ኑሮ የሚሰጠውን ጥቅም እንደዘረዘረ ሁሉ፣ ዘመናዊ ሥራ አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ቃል እንደሚፈልግም ጽፏል። እኔ ደግሞ እጨምራለሁ፦ ባለቅኔው አድማጩ ፊት ለፊቱ አለ፣ የተሰወረውንም ይፈታለታል። ብሩን በቴሌብር ልኮ ዕቃውን ገና ያላየ ሰው ግን የሚፈታው ቅኔ አያምረውም። ፎቶ ይበቃል የሚሉም አሉ፤ ፎቶ መልክን ያሳያል፣ ክብደትንና ልስላሴን ግን አያሳይም።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ስለ ጉድለት ነው። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው፤ ይህ ሐሜት አይደለም። ጠጉሩንና ቁመናውን ለማሻሻል አዋሲ የተባለውን የመካከለኛው ምሥራቅ በግ አምጥተው በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ የማዳቀያ ጣቢያዎች ያዳቀሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ታዲያ ሻጩ «ይኮሰኩሳል» ብሎ ይጻፍ? አዎ፣ ይጻፍ። ገበያ ላይ ገዢው በጉንጩ ነክቶ ያውቀው ነበርና አልተታለለም፤ ከቤቱ ሆኖ የገዛው ሰው ግን የሚያውቀው በመጀመሪያው ሌሊት ነው። በአንሶላ ላይ ተደርቦ እንደሚለበስ ቀድሞ የተነገረው ሰው መኮስኮሱን የእውነተኛ ጠጉር ምልክት አድርጎ ይቀበለዋል። ያልተነገረው ይመልሰዋል፣ ለወዳጆቹም ያወራል። የድሮ ነጋዴስ አይዋሽም ነበር ወይ ለሚለኝ፣ ይዋሽ ነበር እላለሁ፤ ውሸቱን የሚገታው የገዢው እጅ ነበር፣ አሁን ግን ከጽሑፉ በቀር የሚገታው የለም።

ዋጋን መደበቅም እንዲሁ። ገበያ ላይ ዋጋ የሚጠየቀው በሰው ፊት ነበር፤ አጠገብ የቆመውም ይሰማል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም ነጋዴ ዋጋውን ሸማቹ በሚያየው መንገድ እንዲያሳውቅ አዟል። በውስጥ መስመር ለእያንዳንዱ በጆሮው የሚነገር ዋጋ የሰውየውን አቅም እየሰለለ የሚለዋወጥ ይመስላል፤ ባይለዋወጥ እንኳ መጠርጠሩ አይቀርም።

የሚያሳስበኝ ያቺ «የ» ናት። የፋብሪካ ብርድ ልብስም ከውጭ የገባ ሰው ሠራሽ ክርም በእሷ ሥር ሲለጠፍ፣ ፈታይዋና ሸማኔው ለዘመናት ያቆዩት ስም ያለ ፈቃዳቸው ያልቃል። ስለዚህ ሻጩ «መንዝ» ብሎ አይቁም፤ ጌራ ምድር ነው፣ ማማ ምድር ነው ወይስ ላሎ ምድር፣ ጠጉሩስ ከየት ቀበሌ ተሸለተ፣ በየትኛው ወር ተፈተለ የሚለውን ይጻፍ።