ከንግሥት ዕሌኒ እስከ እማሆይ ጽጌ ማርያም፤ የሴቶች የእርጅና ዘመን

«ጡረታ» የሚለው ቃል ከደመወዝ መዝገብ የተወለደ ቢመስልም ሥሩ ከቤት ነው። ጦረ ማለት ያረጀች እናቱን ወይም የደከመ አባቱን አበላ፣ አለበሰ፣ አኖረ ማለት ነው፤ ይህን የሚያደርገውም ልጅ ጧሪ ይባላል። አራስ ስትጠየቅ ሕፃኑ ጧሪና ቀባሪ እንዲሆንላት የምትመረቀው ከዚሁ የተነሣ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ በ1961 ወጥቶ በ1963 በአዋጅ ቁጥር 209 ሲጸና ቃሉ ከልጅ ግዴታነት ወደ መንግሥት ግዴታነት ተሸጋገረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2011 ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኞች በተራቸው ገቡበት። ይሁን እንጂ አዋጁ የሚያውቀው ደመወዝተኛን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ የጋገረች፣ ውሃ የቀዳች፣ ልጅ ያሳደገች ሴት የሟች ባሏ አበል ካልደረሳት በቀር በዚያ መዝገብ ስሟ አይገኝም።

ደግሞስ መጦር ብቻውን መልካም እርጅና ነው ወይ? የኢትዮጵያ ታሪክ ስለ ሴቶች እርጅና የሚናገረው ጥቂት ነው፤ የሚናገረው ግን ወደ ሌላ መልስ ያዘነብላል። በስተርጅና ደኅና ዘመን ያሳለፉት ሴቶች እህል ውሃ የሚያቀርብላቸው ሰው የነበራቸው ብቻ አልነበሩም፤ ጉልበታቸው ሳይከዳቸው ያሰናዱት ቤትና ከእጃቸው ያልወጣ ሥራ የነበራቸው ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ዘመኑ ይከብዳል።

የመጀመሪያዋ ምስክር ንግሥት ዕሌኒ ናቸው። ከሃድያ ገዢ ቤት ተወልደው በእስልምና አደጉ፤ በኋላም ክርስትና ተነሥተው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት የንግሥትነት ማዕርግ አገኙ። ንጉሡ በ1468 ሲያርፉ የዕሌኒም ታሪክ እዚያው ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። እናታቸውን አስቀድመው ያጡት ዐፄ በእደ ማርያም ግን እንደ ወላጅ እናት አከበሯቸው፤ በንጉሡ ዜና መዋዕልም ውስጥ በዐዋቂነታቸው ተመስግነው ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ በአርባ ዓመት ውስጥ አራት ነገሥታት በዙፋኑ ላይ ተፈራረቁ፤ ዕሌኒ ግን በቦታቸው ነበሩ። የቤተ መንግሥቱን ሕግ፣ የመኳንንቱን የዘር ሐረግና ቂም፣ የሙስሊም ጎረቤቶችንም ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ከእሳቸው የሚተካከል ሰው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1508 ዐፄ ናዖድ ሲሞቱ ዙፋኑ አሥራ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ላልሞላቸው ለልብነ ድንግል ደረሰ፤ የሞግዚትነቱም ሥራ በዕሌኒ ትከሻ ላይ ወደቀ። ዕድሜያቸው በዚያን ጊዜ ከስልሳ ያነሰ ሊሆን አይችልም። ብዙ ሰው ያለውን ለመጠበቅ ብቻ በሚጣጣርበት ዕድሜ እሳቸው አዲስ ሥራ ጀመሩ። የፖርቱጋል መርከቦች በህንድ ውቅያኖስ መታየታቸውን እንደ ሰሙ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ንጉሥ ማኑኤል ላኩ። የደብዳቤው ሐሳብ የተሰላ ነበር፤ ኢትዮጵያ ሠራዊትና ስንቅ አላት፣ የባሕር ኃይል ግን የላትም፤ ፖርቱጋል መርከብ አላት፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ግን ወዳጅ ያስፈልጋታል። መልእክተኛው በህንድ በኩል ዞሮ፣ አታላይ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ፣ ብዙ ተንገላቶ በ1514 ሊዝበን ገባ። የፖርቱጋል ልዑካን ምፅዋ የደረሱት በ1520 ነው፤ ማቴዎስ ራሱ አገሩን ከረገጠ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በአጭሩ ፍሬው ከአሥር ዓመት በፊት የማይታይ ሥራ በአንዲት ባልቴት እጅ ተጀመረ። ዛሬ የአሥር ዓመት ሥራ ለስልሳ ዓመት ሰው የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ይኖር ይሆን?

ዕሌኒ ቤታቸውንም አሰናድተው ነበር። በጎጃም ያሠሯት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግራኝ አሕመድ ከዘመተ ወዲህ ብዙ ጉዳት ቢደርስባትም፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ጌጥ ግንበኞቹ ምን ያህል እንደ ተጠበቡ ዛሬም ይመሰክራል። ከልዑካኑ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እዚሁ አገር ሳለ የዕሌኒ ሞት ተሰማ። ሕዝቡ እንደ አባትም እንደ እናትም ይቆጥራቸው እንደ ነበረ፣ ሐዘኑም ከባድ እንደ ነበረ በመጽሐፉ መዝግቦታል።

ለመሐንዲስ ዐይን ከሁሉ የበለጠ የሚያጓጓው ግን የእቴጌ ምንትዋብ ታሪክ ነው። ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ከሕፃኑ ልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ጫኑ። በሙሉ ሥልጣናቸው ሳሉም ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ፣ በተራራ ሥር፣ የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና የመኖሪያ ግንብ አሠሩ። ስሙ እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት ከግብጹ ቁስቋም የተወሰደ ነው፤ ከስሙ ጀምሮ የመጠጊያ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ድንጋዩ በኖራ ተያይዟል፤ ግድግዳውም በቀይ ድንጋይ ላይ በተቀረጹ መስቀሎች አጊጧል። ዋናው ነገር ግን አቀማመጡ ነው። ማደሪያው፣ የግብር አዳራሹና ጸሎት ቤቱ ተቀራርበው የተሠሩ ናቸው፤ እግር ሲደክም ሰው ከሰው፣ ሰውም ከአምላኩ እንዳይራራቅ የታሰበ ይመስላል። ከተማው በቅርብ ነው፤ የከተማው ሁከት ግን በሩ ላይ አያድርም።

ካለፉት 20 ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ ከተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች አብዛኞቹ አራት ፎቅ ሆነው ሊፍት የሌላቸው ናቸው። አንዲት ጉልበቷን የሚያማት እናት ዕጣ ወጥቶላት አራተኛው ላይ ስትገባ ከዕድሯ፣ ከማኅበሯና ከደብሯ የሚለያት ደረጃው ነው። ቤቱ የተሰጣት ሰው ቤተኛነቷን ያጣችበት ጊዜ አለ። የቁስቋም ግንበኞች ይህን ስሌት ሳይስቱት አልቀሩም።

እቴጌ ምንትዋብ ቤቱ ያስፈለጋቸው ካሰቡት በላይ ነው። በ1755 ልጃቸው ኢያሱ ሞቱ፤ በ1769 የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ። ሥልጣናቸው ሲፈርስ የቀራቸው መጠጊያ ቁስቋም ነበረ። በማግሥቱ ዓመት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲደርስ በግቢያቸው የነበሩ ልጆች በፈንጣጣ ታመው ነበርና እንዲያክም ወደዚያ ተጠራ። ብሩስ መጀመሪያ ያደረገው የተዘጉትን በሮችና መስኮቶች ማስከፈት፣ ቤቱንም በዕጣንና በከርቤ ማሳጠን ነበር። እቴጌዪቱ በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል የቤተሰቡ ምሰሶ ነበሩ፤ የሚጣሉት መኳንንት የተጋቡት ከሴት ልጆቻቸውና ከዘመዶቻቸው ጋር ስለ ነበረ አቤቱታውም ልቅሶውም የሚመጣው ወደ እሳቸው ነበር።

ብሩስ የጻፈው አንድ ጭውውታቸው ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። የዓባይን ምንጭ ለማየት ከሩቅ አገር መምጣቱን ሲነግራቸው ተገረሙ። እሳቸው ቢሆኑ ዙፋኑንም ክብሩንም ትተው ኢየሩሳሌም መሄድ፣ እዚያም በልመና እየኖሩ በመጨረሻ የጌታ መቃብር ከሚገኝበት ቤተ ክርስቲያን ደጅ አጠገብ መቀበር እንደሚመኙ ነገሩት። ምኞታቸው አልደረሰም፤ በ1773 ዐረፉና በቁስቋም ተቀበሩ።

የእቴጌ ጣይቱ ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። የአዲስ አበባ መሥራች፣ በመንግሥት ሥራ የታወቁት እኒህ ሴት በ1910 መኳንንቱ አድመው ከሥራ አወጧቸው። እስከ 1913 ድረስ የታመሙትን ባለቤታቸውን ማስታመም ነበር ሥራቸው። ከዚያ በኋላ እንጦጦ ወጥተው በ1918 እስኪያርፉ ድረስ እዚያው ኖሩ። ቤት አላጡም፤ የሚበሉትም አልጠፋም። የተነጠቁት ሥራቸውን ነው።

ይህ ሁሉ የእመቤቶች ታሪክ ነው ቢባል እውነት ነው። ጉልት የሌላት ሴትስ? እሷም ብትሆን በእጇ የያዘችው ነገር ነበር፤ እርሱም እንዝርት ነው። ጥጡን መዳመጥና በደጋን መንደፍ፣ ባዘቶውን ማዘጋጀት፣ ፈትሎ በልቃቂት መጠቅለል ጉልበት ብዙ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ለብዙ ዓመት የለመደ ጣት ነው። ስለዚህም ፈትል ከዕድሜ ጋር የሚሻሻል ሥራ ነበረ። ዐይኗ የደከመ አሮጊት የክሩን ቅጥነት በአውራ ጣቷ ታውቀዋለች። ባሏ የሞተባት፣ ቆብ ደፍታ ከደብር አጠገብ ጎጆ የቀለሰች መነኩሲት ልቃቂቷን ለሸማኔ ሸጣ ለጨውና ለቡና የሚሆን አታጣም ነበር። ምራቷ ቤት ብትሆንም ለልጅ ልጇ ጥምቀት የሚሆነውን ነጠላ የምትሰጥ እንጂ የምትቀበል ብቻ አልነበረችም፤ በአንድ ቤት ውስጥ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የጥጥ ፋብሪካዎች ሲቋቋሙ ይህ ተለወጠ። የመኪና ክር እኩልና ጠንካራ በመሆኑ ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ መግዛት ጀመረ፤ በእጅ የተፈተለው ማግ ሆኖ ቀረ። በኢንዱስትሪ ረገድ ይህ ዕድገት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ፋብሪካው ሲተከል ምርቱን፣ ጉልበቱንና ወጪውን ያሰላ ባለሙያ ከባልቴቶች እጅ የሚወጣውን የድር ክር አስልቶት አያውቅም። ግማሹ ሥራቸው የሄደው ማንም ሳይወስንበት ነው።

ወደ ኢየሩሳሌም የመሄድ ምኞት ከምንትዋብ ጋር አልተቀበረም። በ1984 አንዲት የስልሳ ዓመት መነኩሲት እዚያ በሚገኘው በደብረ ገነት የኢትዮጵያውያን ገዳም ለመኖር ገቡ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በ1923 ተወለዱ፤ በሕፃንነታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው ሙዚቃ ተማሩ፤ በ1937 ከቤተሰባቸው ጋር በጣሊያን እስረኛ ሆኑ፤ በኋላም በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ሁሉን ትተው በግሸን ማርያም መነኮሱና አሥር ዓመት ያህል ቆዩ። የመጀመሪያውን ሸክላ ጀርመን አገር በ1967 ያስቀረጹት ገቢው ለድኾች ልጆች እንዲውል ነበር።

ኢየሩሳሌም ሲገቡ አንድ ትንሽ ክፍልና ፒያኖ ነበራቸው፤ ከዚህ የበለጠ ቤት አልጠየቁም። ዓለም የሰማቸው በ2006 የፒያኖ ሥራዎቻቸው ፈረንሳይ አገር ተሰብስበው ሲታተሙ፣ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። በአሥርት ዓመታት ውስጥ በእጃቸው ሲጽፉ የኖሩትን ኖታ በከረጢት አድርገው ለአንዲት እስራኤላዊት የፒያኖ ባለሙያ አስረከቡ። ኖታዎቹ ተስተካክለው በመጽሐፍ የወጡት በ2013፣ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራዎቻቸውን ሌሎችም ሰዎች ከወረቀት እያነበቡ ይጫወቷቸዋል። እማሆይ በመጋቢት ወር 2023 በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው እዚያው ኢየሩሳሌም ዐረፉ።