ኢታኖል የተቀላቀለበት ነዳጅ በከፍተኛ ጉልበት ሞተሮች ላይ ያለው ጥቅምና የሚጠይቀው ጥንቃቄ

ኢታኖል ከስኳር ተረፈ ምርት ከሆነው ሞላሰስ፣ ከሸንኮራ አገዳ፣ ከበቆሎና ከመሳሰሉት ሰብሎች የሚመረት አልኮል ሲሆን፣ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ለተሽከርካሪዎች ነዳጅነት ያገለግላል። ድብልቁ የሚሰየመው በያዘው የኢታኖል መጠን ነው። “ኢ-10” 10 በመቶ፣ “ኢ-85” ደግሞ እስከ 85 በመቶ ኢታኖል የያዘ ነዳጅ ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ ማሠራጨት የተጀመረ ሲሆን፣ መጠኑ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። የሥራው ዓላማ ለነዳጅ ግዢ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ መቀነስ ነበር። በውድድርና በፈጣን መኪናዎች ዘንድ ግን ኢታኖል የሚፈለገው በዋናነት ለሞተር ጉልበት በሚሰጠው ጥቅም ነው።

ጉልበት የሚጨምረው እንዴት ነው?

በሲሊንደር ውስጥ የታመቀው የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ካንዴላው ካቀጣጠለው እሳት ውጪ በራሱ ሲፈነዳ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ፒስተኑም ይጎዳል። ነዳጅ ይህን የመቋቋም ችሎታው የሚለካው በኦክቴን ቁጥር ነው። የተለመደው ቤንዚን ከ91 እስከ 98 ኦክቴን ሲኖረው፣ የንጹሕ ኢታኖል 108 ያህል ይደርሳል። ከዚህም ሌላ ኢታኖል በሚተንበት ጊዜ ከቤንዚን ከሁለት እጥፍ በላይ ሙቀት ስለሚወስድ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል። በእነዚህ ምክንያቶች አየሩን ይበልጥ ማመቅ ይቻላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የስዊድኑ ኮኒግሴግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረበው “ሲሲኤክስአር” መኪና ነው። በቤንዚን 806 የፈረስ ጉልበት ከነበረው “ሲሲኤክስ” የተገኘው ይህ መኪና በኢ-85 1 ሺህ 18 የፈረስ ጉልበት ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ጭማሪው ነዳጁን በመለወጥ ብቻ የተገኘ አይደለም። የአየር ግፊቱ ከፍ ተደርጓል፤ ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮችና የነዳጅ መስመሮቹም ተለውጠዋል።

በውድድሩ ዓለም የአሜሪካው ኢንዲካር እ.ኤ.አ. በ2007 ሙሉ በሙሉ ወደ ኢታኖል የተሸጋገረ ሲሆን፣ ናስካር እ.ኤ.አ. በ2011 ኢ-15ን፣ ፎርሙላ አንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ኢ-10ን መጠቀም ጀምረዋል።

የሚጠይቀው ጥንቃቄ

አንድ ሊትር ኢታኖል የያዘው ኃይል ከአንድ ሊትር ቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም አየር ሲፈልግ፣ ለኢታኖል 9 ኪሎ ግራም ይበቃል። በመሆኑም ለተመሳሳይ አየር የበለጠ ነዳጅ መግባት ይኖርበታል። ለቤንዚን ብቻ በተስተካከለ ሞተር ላይ ኢ-85 ቢሞላ ነዳጁ ከአየሩ ጋር ሳይመጣጠን ይቀራል፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ጭነት ሲበዛበትም ለጉዳት ይዳረጋል።

ኢታኖል ውኃ የመሳብ ባሕርይም አለው። ውኃው ሲበዛ ኢታኖሉ ከቤንዚኑ ተለይቶ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ሥር ይዘቅጣል። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ በሚቆሙ ተሽከርካሪዎችና በአግባቡ ባልተከደኑ ማከማቻዎች ላይ ችግሩ ይብሳል። በቀድሞ ዘመን በተሠሩ መኪናዎች ላይ የጎማ ክፍሎችንና አንዳንድ ብረቶችን ሊጎዳ፣ በሰልባትዮ ውስጥ የተጠራቀመውን ዝቃጭ አላቅቆ የነዳጅ ማጣሪያውን ሊደፍን ይችላል።

ኢ-10 በአብዛኞቹ ዘመናዊ የቤንዚን መኪናዎች ላይ ያለ ማሻሻያ ይሠራል፤ የነዳጅ ፍጆታን ግን በ3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለዕለት ተዕለት አገልግሎት በተሠራ ሞተር ላይ የውድድር መኪናን ጉልበት አያስገኝም። ስለዚህ ተሽከርካሪ የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች አምራቹ በመመሪያው የፈቀደውን የኢታኖል መጠን አስቀድመው ማረጋገጥ፣ የነዳጅ ማጣሪያዎችን በወቅቱ መለወጥና ማከማቻዎችን ከውኃ መጠበቅ ይኖርባቸዋል።