ከቁጠባ ወደ ቁጥጥር፦ የኢንተርኔቱ በረኛ ታሪክ

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ሲጀመር ከውጭ ዓለም ጋር የሚያገናኘው መስመር በሳተላይት የሚመጣ፣ ጠባብና ውድ ነበር። ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ አንድ ገጽ እስኪከፈትለት ማኪያቶውን የጨረሰ ሰው ይህን አይረሳም። ሃያ ሰው ያንኑ ጋዜጣ ቢከፍት ያው ገጽ ሃያ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ መስመሩንም ሃያ ጊዜ ያጨናንቃል።

ለዚህ የተገኘው መላ ፕሮክሲ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ስኩዊድ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር አንዴ የመጣን ገጽ ቅጂ ያስቀምጥና ለቀጣዩ ጠያቂ ከቅርብ ያቀብላል። ተጠቃሚውን ሁሉ "ኮምፒውተርህን አስተካክል" እያሉ መለመን ግን አድካሚ ነው። ስለዚህ የኔትወርክ ባለሙያዎች ሥራውን ለራውተሩ ሰጡት። ራውተሩ ወደ ፖርት 80 የሚሄደውን፣ ማለትም ተራውን የድረ ገጽ ጥያቄ፣ ለይቶ ወደ ፕሮክሲው ያዞራል፤ ኢሜይሉንና ሌላውን በቀጥታ ያሳልፋል። ከተፈለገ የአንድ ክፍል ኮምፒውተሮችን ብቻ መርጦ ያዞራል። ተጠቃሚው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ፍጥነቱን ያመሰግናል እንጂ።

ግን መርጦ ማዞር የሚችል በረኛ መርጦ መመለስም ይችላል። የሚለየው የትእዛዙ ባለቤት ብቻ ነው። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ብሎግስፖት ላይ ያሉ ጦማሮች ከአገር ውስጥ አልከፈት አሉ። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ደግሞ የቶር ፕሮጀክት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የቶር ግንኙነት ገና ሲጀመር ከአጀማመሩ እየታወቀ እንደሚቋረጥ ገለጸ። በረኛው አድራሻ ማየቱን ትቶ የእሽጉን ውስጥ መፈተሽ ጀምሯል ማለት ነው። "ፕሮክሲ" የሚለው ቃልም በወጣቱ አፍ ትርጉሙ ተገለበጠ፦ የበረኛው መሣሪያ የነበረው በረኛውን ማምለጫ ሆነ።

ጉዳዩ ልደታ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ክሳቸው የታየው ልደታ በሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። በሽብር ክሱ ከተዘረዘረው ውስጥ "ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ" የተባለው የዲጂታል ደኅንነት መመሪያ ይገኝበታል። ማንም ሰው ከኢንተርኔት በነፃ የሚያወርደው መመሪያ ነው! በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የአምስቱ ክስ ተነሳ። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. የቀሩት ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ፤ በአንዱ ላይ ግን ሌላ ክስ ቀጠለበት። እስከዚያ ድረስ ከአንድ ዓመት ከአምስት ወር በላይ እስር ቤት አሳልፈዋል።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. ታግደው የነበሩ 264 ድረ ገጾች ተከፈቱ። በዚያው ሰሞን የዓለም ድረ ገጾች ወደ ተመሰጠረው ፖርት 443 እየተሻገሩ ነበር፤ የቀድሞው ቆጣቢ ፕሮክሲ ይዘቱን ማየት ስለማይችል ሥራ ፈታ። የሚጎበኘውን ድረ ገጽ ስም ግን በረኛው አሁንም ያነባል። ለመምረጥ ይህ ይበቃዋል፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ራሱ ቴሌግራም ተለይተው ተገደቡ። ለአምስት ወር ያህል ቴሌግራም የገባ ሰው በአብዛኛው የገባው በቪፒኤን ነው።