ሽለላ በሳክስፎን

ካራቆሬ ላይ ጥቂት ወዳጆች ተሰብስበን፥ ከዚህ ዓለም በሞት የተለየውን የይፋት ተወላጅ፥ የሳክስፎን ሊቁን ጌታቸው መኩሪያን በሸክላው አሰብነው። አብሮን የነበረ አንድ ተማሪ «ይህ የፈረንጅ ዜማ አይደለምን?» ሲል ጠየቀን።

ጌታቸው በመጋቢት 1927 ዓ.ም. ተወልዶ፥ በክራርና በመሰንቆ ጀምሮ፥ ገና በልጅነቱ ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገባ፤ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም ተጫወተ። የፈረንጅ የሆነው መሣሪያው ብቻ ነው፤ ዜማው ግን አባቶች ወደ ጦር ሲዘምቱ ያሰሙት የነበረው ሽለላ ነው። የሆላንድ ሙዚቀኞች እንኳ ይህን ሰምተው አብረውት ተጫወቱ፤ «የአንበሳው ትዝታ» የተባለውንም ሥራ ከርሱ ጋር አሳተሙ። መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ዐረፈ።

ለተማሪው ብዙ አልመለስንለትም። ሸክላው ሲያበቃ፥ ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው ሽለላውን በቃላቸው ቀጠሉት።