ሥሩ የኛ፣ ሽምግልናው የፓላዲየም

ባለፈው ላፍቶ እኔ ቤት ቡና ላይ ሆነን አንዱ ጓደኛችን፣ «ለመመረቂያህ ከሥር ያወጣኸው ያ ብርቱካንማ ነገር ምን ደረሰ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ከሦስተኛው ስኒ ስለረዘመ እዚህ ልጽፈው ወደድኩ።

በደጋችን ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ የሚባል፣ አበባው እንደ ችቦ የሚቆም፣ ከኢትዮጵያ በቀር የማይበቅል ተክል አለ። ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜ ከጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ሽቴግሊሽ ጋር ሆነው ከዚሁ ተክል ያገኙትን ክኒፎሎን የተባለ ውህድ እ.ኤ.አ. በ1984 አሳተሙ። ክኒፎሎን ሁለት ወገን አለው፤ ባንዱ አንትራኪኖን፣ በሌላው አንድ የቤንዚን ቀለበት። የሚያገናኛቸው አንዲት የካርቦን ለካርቦን ትስስር ናት። ወገኖቹ ስለሚጨናነቁ በዚያች ትስስር ላይ እንደልብ አይዞሩም፤ በዚህም ምክንያት ውህዱ እንደ ቀኝና ግራ እጅ ሁለት መልክ ይኖረዋል።

ተክሉ በዝምታ የሚሠራትን ትስስር ሰው ለመሥራት ብዙ ደክሟል። የድሮው የኡልማን የመዳብ ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልግ ነበር፤ ስስ ውህድ ይህን አይችልም። ፓላዲየም ግን ሽማግሌ ነው፦ አንዱን ወገን ይይዛል፣ ሌላውን ያመጣል፣ አጋብቷቸው ይወጣል፣ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። ጥቂቱ ለብዙ የሚበቃውም ለዚህ ነው። ሄክ፣ ነጊሺና ሱዙኪ በዚሁ የፓላዲየም ሥራ እ.ኤ.አ. የ2010ን ኖቤል ተሸለሙ። በጀርመን ዉርዝቡርግ ጌርሃርድ ብሪንግማንና ዲርክ ሜንሼ እ.ኤ.አ. በ2001 ክኒፎሎንን በቤተ ሙከራ ሲሠሩም ያቺን ትስስር ያሰሯት በፓላዲየም ነው፤ መልኩንም መርጠው።

እኔስ? ተመርቄ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ፓላዲየም ቀርቶ አሴቶንም ብርቅ ነበር። ቀለበቶቹን ያጋባሁት በጠመኔ፣ ሰሌዳ ላይ ነው። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ሥሩ የኛ ከሆነ ለምን እነሱ ሠሩት?» አለችኝ። «ገንዘብ የለንማ» ብዬ አለፍኳት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ማግኘትም እኮ ትልቅ ሥራ ነው፤ እዚህ ተፈልጎ፣ ተጣርቶ፣ ቅርጹ ባይታወቅ ኖሮ እነሱስ ምን ብለው ይሠሩት ነበር? ይህን ልነግራት ይገባኝ ነበር። ቀሪው ግማሽ ጥያቄዋ ግን አሁንም መልስ ይፈልጋል።

ስለዚህ ውጭ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለዘንድሮው ስብሰባ ስትመጡ ስጦታ አትያዙልኝ። አንድ ልጅ ለአንድ ክረምት ቤተ ሙከራችሁ አስገቡልን። ሽምግልናውን እናንተ ጀምሩት፤ ቡናው ላፍቶ ይጠብቃችኋል።